ቱዳ የመረጠችው ስጋጃ

የወንድሜ የባሱ ቤት ለብዙ ዓመት ስጋጃ አልነበረውም። በእኛ መንደር በታግራርት ይህ የሚያስወራ ነገር ነው። ተራራው ላይ በረዶው ከኅዳር እስከ መጋቢት መሬቱን ይዞ ይከርማል። የቤታችን ወለል ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው። በጣም ደኸየ የተባለ ሰው እንኳ እናቱ የሠራችው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ጭስ ያጠቆረው አንድ ስጋጃ አያጣም። ባሱ ግን እንግዳ ሲመጣበት የሚያነጥፈው ሰሌን ነበር፤ ሰሌኑ ላይ ደግሞ ሁለት የበግ አጎዛ። አንዳንዱ ሰው ባሱን ቆንቋና ነው ይለው ነበር። የሚበዛው ግን የሚያማው ሚስቱን ቱዳን ነው።

"ሁለት እጅ ያላት ሴት እንዴት ባዶ ወለል ላይ ትኖራለች?" ይባባላሉ ሴቶቹ ምንጭ ላይ፣ እሷ እየሰማች። እሷ ጀሪካኗን ሞልታ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ዳገቱን ትያያዘዋለች።

እኔ ያምና እባላለሁ፤ የባሱ እኅት ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር የኖርኩት ከነሱ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራ ቤት ውስጥ ነው። ቱዳ ሰነፍ እንዳልነበረች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የተወለደችው ከተራራችን በታች፣ ሜዳው በሚጀምርበት በኩል ነው። አባቷ ዛይድ ጥቂት በጎችና አንድ ቁራሽ የገብስ እርሻ ነበረው። ቱዳ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት ዝናብ ጠፋ፣ በጎቹ አለቁ። በዚያ ክፉ ጊዜ ከከተማ አንድ ሰው በየመንደሩ እየዞረ ለስጋጃ ፋብሪካ ትንንሽ ሴቶች ልጆች ይሰበስብ ነበር። ዛይድ ቱዳን ሰጠው። ይህን የነገረችኝ በአንድ ጊዜ አይደለም። እንጨት ለቀማ ስንወጣ፣ ዛሬ አንድ ቃል ነገ አንድ ቃል እያለች ነው፤ ያውም ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ።

ፋብሪካው ውስጥ ልጆቹ እግራቸውን ከሥራቸው አጣጥፈው ጣውላ ላይ ይደረደራሉ። ስጋጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጣውላውም ከፍ ይደረጋል። አለቃዋ ሴት ከኋላ ቆማ፣ "ሁለት ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ ሦስት ነጭ" እያለች ትጠራለች፤ እነሱ እየቋጠሩ ድምፃቸውን አንድ አድርገው ይመልሳሉ። የተሳሳተች ማጉን በሚመቱበት ጥርሳም ብረት ጣቷን ትደበደባለች። ከማለዳ ጀምሮ ዓይን ማየት እስኪያቅተው እንደተጣጠፉ ናቸው። ሲመሽ እዚያው፣ ከተወጠረው ድር ሥር፣ የሱፍ ብናኝ ላይ ይተኛሉ። አባቷ በየወሩ ደመወዟን ሊቀበል ይመጣል። በር ላይ ቆሞ፣ "ደህና ነሽ?" ይላታል። "ደህና ነኝ" ትለዋለች። አንዳንዴ ደረቅ በለስ ያመጣላታል።

ጣቷ ሲወፍር ፋብሪካው አሰናበታት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ስትራመድ ዳሌዋ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። የመንደሯ ጎረምሶች መሽኮርመም መስሏቸው በየመንገዱ ያፏጩባት ነበር። ሕመም መሆኑን የጠየቀም የነገራቸውም የለም።

ባሱ ዝግባ ቆራጭ ነው። በቅሎውን ይዞ ለመንግሥት ደን ይሠራል። አንድ ጸደይ ወደ ሜዳው ሲወርድ ምንጭ ላይ አያት። እናቴ ኢዛ፣ በእኛ አገር ለትልቅ ሴት እንደሚባለው ላላ ኢዛ፣ ምራቷ ከስጋጃ ፋብሪካ የወጣች መሆኗን ስትሰማ ደስታዋ ወሰን አጣ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ አንድ ሳምንት ታገሰች። ከዚያ የራሷን የሽመና እንጨት አምጥታ ልጇ ቤት አቆመች፤ የክረምቱን ሱፍ በሙሉ ፈትላ አዘጋጀች።

"በይ ልጄ፣ ሱፉ ተፈትሏል፣ ድሩም ተወጥሮልሻል" አለቻት። "እስኪ ያን የሚያወሩለትን ጣትሽን አሳዪን።"

ቱዳ እንጨቱን አየችው። ቀረብ ብላ ድሩን በመዳፏ ነካችው፤ ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ውኃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እሰብራለሁ፣ እርሻም ውረጂ ካሉኝ እወርዳለሁ" አለች። "ድር ፊት ግን አልቀመጥም፣ ላላ።"

"አትቀመጪም?"

"አልቀመጥም።"

"ታዲያ ምን ልትሆኚልን መጣሽ?"

"ልጅዎን ይጠይቁት።"

ባሱ ሳቅ ለማምጣት ሞከረ። "ስጋጃ ብፈልግ ኖሮ ስጋጃ አገባ ነበር፣ እማ" አላት።

እናቴ አልሳቀችም። "ስጋጃ ብታገባ እንኳ ጀርባህን ያሞቅልህ ነበር" ብላ ወጣች። እንጨቱ ሁለት ሳምንት ያህል እንደቆመ ከረመ። ከዚያ ቱዳ ድሩን ፈትታ፣ ሱፉን በየቀለሙ ጠቅልላ፣ ግንዶቹን አንድ በአንድ ተሸክማ እኛ ቤት ደጃፍ ላይ አስደገፈቻቸው። ያኔ ቤታቸው ውስጥ የቀረ አንድ ስጋጃ ነበር፤ እናቴ ለሰርጋቸው የሰጠቻቸው። እሱን አልነካችውም።

የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እኔና እናቴ አጠገቧ ነበርን። አዋላጃችን የተቻላትን ሁሉ አደረገች። ምጡ ሌሊቱን አልፎ፣ ቀኑን ውሎ፣ ልጁ አልመጣ አለ። በመጨረሻ በፒክአፕ መኪና ጭነን ወደ ከተማ ሐኪም ቤት ስናወርዳት ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር። ሰው ሁሉ የአላህ ፈቃድ ነው አለ፤ እሷም እንደዚያው አለች። በሁለተኛው እርግዝናዋ ቀኗ ሳይደርስ በጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ወረደች። ሆዷን ቀደው ሴት ልጅ አወጡ። ከሰዓት በኋላ ድረስ በሕይወት ቆየች፤ ጠቆር ያለች፣ ፀጉራም ልጅ ነበረች፤ አቅፌያታለሁ። ቱዳ ደም አልቆም ስላላት ማህፀኗን አወጡት።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ነበረች፤ ቋንቋችንን ትችላለች። በነጋታው ባሱንና እኔን አልጋዋ አጠገብ አቆመችን።

"በልጅነቷ ምን ትሠራ ነበር?" ብላ ጠየቀችን።

ቱዳ ራሷ መለሰች። "ስጋጃ።"

ዶክተሯ ሁለት እጇን ጨብጣ፣ አጠጋግታ አሳየችን። "አጥንቷ ገና ለጋ ሳለ ተጣጥፋ ስለተቀመጠች እንደተጣጠፈ ነው የጠነከረው። ልጅ የሚያልፍበት መንገድ ጠቧል። እንደሷ ያሉ ብዙ አያለሁ።" ከዚያ ወደ ቱዳ ዞራ፣ "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አለቻት።

ቱዳ ጣሪያውን ታይ ነበር። ወደ መንደር ስንመለስ ቁስሏ ገና አልደረቀም ነበር። ያንኑ ቀን የእናቴን ስጋጃ ጠቅልላ፣ ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች እኛ ቤት መጣች።

"ይውሰዱት፣ ላላ። እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ማየት ስላልቻልኩ ነው።"

እናቴ ተነሥታ ስጋጃውን ከጀርባዋ ላይ አወረደችላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሽመና አንስታባት አታውቅም። ቤቱ ያለ ስጋጃ የቀረው ያኔ ነው።

አባቷን ከዚያ በኋላ ሄዳ አልጠየቀችውም። በነጋዴዎች ሰላምታ ሲልክባት፣ "ሰላም በሉት" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። እኛ ፊት ስታነሳው "ሰውየው" ነበር የምትለው።

አንድ ዓመት፣ በረዶው ሊጥል ሰማዩ በከበደበት ሰሞን፣ ወንድሟ ሓዱ በፒክአፕ መጣ። ከኋላ፣ በበጎች መካከል፣ በበርኖስ የተጠቀለለ ሰው ተጋድሟል። ዛይድ ነበር። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኗል፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ወድቋል።

"ቱዳ እኅቴ፣ እኔ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ወደ ካዛ ልወርድ ነው፣ ሥራ አግኝቻለሁ" አለ ሓዱ፣ ከመኪናው በደንብ ሳይወርድ። "ሚስቴ ደግሞ እንደምታውቂያት ጤና የላትም..."

"እምቢ አለች በለኛ።"

"እንደሱ አይደለም። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ቤቱ ጠባብ ነው። አንቺ ልጅ የለሽም። ቤትሽ ሰፊ ነው።"

ባሱ ምሳሩን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ቱዳ ደረቱ ላይ እጇን አድርጋ አቆመችው። ወንድሟን ረጅም ጊዜ አየችው። ሓዱ ዓይኑን ወደ በጎቹ መለሰ።

"አውርዱት" አለች በመጨረሻ። "ብርድ መትቶታል።"

ሰሌኑ ላይ፣ በአጎዛዎቹ መካከል አስተኛነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሕፃን የምታጥበው፣ የምታገላብጠው፣ የገብስ ሾርባ በማንኪያ የምታጎርሰው እሷ ናት። ስታነጋግረው "እርስዎ" ትለው ነበር፤ "ይዋጡ"፣ "ይዙሩ"፣ "ይጠጡ"። እሱ የሚሰማው ይሁን የማይሰማው አይታወቅም፤ ዓይኑ ግን በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል።

በረዶው ሲጥል ሳል ጀመረው። ጀርባውና ዳሌው ላይ ቆዳው ተልጦ ቆሰለ። እሱን ሲያገላብጡት አጎዛዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ሰሌኑ ደግሞ ቁስሉን ይፍቃል። ባሱ፣ "ከእማ ቤት አንድ ስጋጃ ላምጣለት" አለ።

"አይሆንም።"

"ሰውየው እየበሰበሰ ነው፣ ቱዳ።"

"አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ" አለችው። "ቤቴ ስጋጃ የሚገባ ከሆነ እኔ መርጬ ነው የሚገባው። ሰኞ ገበያ እወርዳለሁ። ያምና አብራኝ ትሂድ።"

ሰኞ በበቅሎ ወረድን። ገበያው የተደበላለቀ ጭቃና በረዶ ነበር። መጀመሪያ የገባነው ሲ ላርቢ የሚባል ስጋጃ ነጋዴ ጋ ነው። ሲ ላርቢ በበጋ በአውቶቡስ ለሚመጡት ፈረንጆች ሻይ በናና እያፈላ፣ ስለ እያንዳንዱ ምስል የራሱን ተረት እየፈጠረ የሚሸጥ፣ ሆዱ የቀደመ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

"ኑ እኅቶቼ፣ ግቡ። ዛሬ ፈረንጅ ስለሌለ እውነቱን ነው የምናገረው" አለን። "ለማን ነው? ለሙሽራ?"

"ለበሽተኛ" አልኩት።

"አላህ ይማረው። ለበሽተኛ እንግዲህ ወፈር ያለ፣ ጠጉሩ የረዘመ፣ የማይኮሰኩስ። ቁጭ በሉ።"

እሱ እየዘረጋ እሷ እየገለበጠች አየች። ቱዳ የስጋጃ ፊት አታይም፤ መጀመሪያ ጀርባውን ነው። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ቀለሙን ትፈትጋለች። አንዱን አሸተተችና ገፋችው፤ ያረጀ እንዲመስል በመድኃኒት አንጥተው ፀሐይ ላይ ያሰነበቱት ነበር። ሲ ላርቢ ትከሻውን ነቀነቀ። "እሱን ለናንተ አላነሣሁትም ነበር፣ እጄ አዳልጦት ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አብረን ከቤት የወጣነው ያን ቀን ነበር፤ ቱዳም ፈገግ ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀይ ዘረጋ። በጣም የሚያምር ነበር፤ እኔ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ቱዳ ጠርዙን ገለበጠችና እጇ እዚያው ቀረ።

"ይሄ ከየት ነው?"

"ከሜዳው፣ ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ። ዓይን አለሽ አንቺ" አለ ሲ ላርቢ፣ ልቡ ሞቆ። "እይው፣ አንድ ቋጠሮ አልሳተም። ትልቅ ሴት እንዲህ ማጥበቅ አትችልም፤ የልጆች ጣት ነው እንዲህ የሚያወጣው። እንደ ጉንዳን ነው የሚሠሩት።"

ክፋት አስቦ አይደለም፤ ዕቃውን ማመስገኑ ነበር። ቱዳ ስጋጃውን በጥንቃቄ አጠፈችው፤ ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝታ መለሰችለትና ወጣች። ተከትያት ስወጣ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላ ጣቶቿን በበረዶ ትፈትጋለች።

"እንመለስ?" አልኳት።

"አይ" አለች። "ሰውየው ወለል ላይ ነው።"

ከበግ ተራው ወዲያ፣ ከግንቡ ሥር፣ ራሳቸው የሠሩትን ይዘው የሚመጡ ሴቶች ይቀመጣሉ። ስጋጃቸውን ጭቃ እንዳይነካው ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ነው የሚይዙት። ቱዳ ሁሉንም አየች። ያልነካችው አልነበረም። በመጨረሻ ከአንዲት ጥርሷ የረገፈ ሴት አጠገብ ቆመች። ኢጦ ትባላለች፤ ከማዶው ሸለቆ ናት። የያዘችው ስጋጃ መደቡ ቀለም ያልገባው የበግ ጠጉር፣ ቅቤ የመሰለ ነጭ ነው፤ መስመሩ ከጥቁር በግ ጠጉር የወጣ። ስንዘረጋው ሥራው ቀጥ ያለ አልነበረም። ከታች ጠበብ ብሎ ይጀምርና እየሄደ ይሰፋል። መኻል ላይ ሲደርስ ምስሉ ድንገት ይቋረጣል፤ አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ነጭ፤ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል፣ ግን የበፊቱን አይመስልም።

ቱዳ ባዶው ላይ መዳፏን አሳረፈች። "እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?"

"ልጄ የሞተ ጊዜ ነው" አለች ኢጦ። "በጀልባ ወደ እስፔን ሲሻገር። ስጋጃውን ለሰርጉ ነበር የጀመርኩት።"

"ግን ጨረስሽው።"

"ሱፉ ተፈትሎ አልቆ ነበር። ምን ላድርገው?"

ቱዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ስጋጃውን ጉልበቷ ላይ ስባ ጠጉሩን በጣቷ መከፋፈል ጀመረች። ኢጦ ስታያት ቆየችና፣ "ላርቢ ደጋግሞ ጠይቆኛል" አለች። "እምቢ ብዬዋለሁ። ማን እንደሚተኛበት ሳላውቅ አልሰጥም። ለማን ነው የምትገዢው?"

"ለአባቴ። ሊሞት ነው።"

"ደግ ሰው ነው?"

ቱዳ እጇን ከስጋጃው ላይ አነሣች። ትዋሻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

"አይደለም" አለች።

ኢጦ አፍንጫዋን ጠረገች። "የእኔም አባት አልነበረም" አለች። "በይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፣ እንጠቅልለው።"

በዋጋው ብዙ አልተከራከሩም። ስንመለስ በረዶ ይጥል ነበር። ቱዳ በርኖሷን አውልቃ ስጋጃው ላይ ደረበች፤ እሷ ትከሻዋ ነጭ እስኪሆን ድረስ ተመታች።

ባሱ ከወገቡ፣ እኔ ከእግሩ አንሥተን ዛይድን ስጋጃው ላይ አጋደምነው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ቀስ በቀስ ደህናው ግራ እጁ ወደ ጠርዙ ሄደ፤ ገለበጠውና በአውራ ጣቱ ቋጠሮዎቹን ዳሰሰ።

"ቤት የተሠራ ነው" አለ። አፉ ስለተጣመመ ቃሉ ሲወጣ ይጎተት ነበር።

"አዎ" አለችው።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አይደለሁም። ገዝቼው ነው።"

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሙቀት አገኘ፤ ከቁስሎቹ አንዳንዶቹ መድረቅ ጀመሩ። እንዲያውም አንዳንድ ቀን በትራስ ደግፈነው ቁጭ ይል ነበር። እናቴ የሰማችውን ለማመን ራሷ መጣች። በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ስጋጃውን ባዶ እግሯ ረገጠችው። "ሠሪዋ ዓይኗ ጠማማ ነው" አለች፤ ግን ተቀምጣ ሻይዋን ጠጣች።

አንድ ረፋድ ቱዳ ሾርባ እያጎረሰችው፣ እኔ በር ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ማንኪያውን መኻል ላይ አቆመችው።

"አባ፣ ለምን እኔን መረጥክ?" አለችው።

"አንተ" ስትለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛይድ ምን እንደጠየቀችው ገብቶታል። ምላሱን ብዙ ጊዜ አገላበጠ።

"የፋብሪካው ሰው ጣታችሁን አየ" አለ። "ሁለታችሁንም ልውሰድ አለኝ። አንቺንም፣ እኅትሽን ከልቱማንም። አንዷን ብቻ አልኩት።"

"እሺ። ለምን እኔን?"

"ከልቱማ ታለቅስ ነበር" አለ ዛይድ። "አንቺ አታለቅሺም።"

ከአፉ ጎን የፈሰሰውን ሾርባ በጣቷ ጠረገችለት። የቀረውን አጉርሳ ጨረሰች፤ ሳህኑን አለቀለቀች፤ ትራሱን አስተካከለችለት። ከዚያ ወጥታ ምሳር አነሣች። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ግንድ ስትፈልጥ ሰማኋት። ባሱ ከደን ተመልሶ ክምሩን አየና፣ "ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው? ለሁለት ክረምት ይበቃል እኮ" አለ። "ተዋት" አልኩት።

እንክብካቤዋን አላቋረጠችም። እንዲያው ከበፊቱ ይልቅ ጥንቃቄ ጨመረች። ግን ሌላ ነገር አልጠየቀችውም፤ እሱም ከዚያ በላይ አላለም። ይቅር በይኝ ይላታል ብዬ በየቀኑ ስጠብቅ ነበር። ሳይላት ሞተ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሶላት በተጠራበት ሰዓት፣ እሷ ወደ ግድግዳው ልታዞረው ስታነሣው።

መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ ወደ አገሩ ሊወሰድ አልቻለም። ወንዶቹ የቀዘቀዘውን መሬት በብረት ሲፈነቅሉ ውለው በእኛ መቃብር ቀበሩት። ቱዳ የሬሳውን መታጠቢያ ውኃ አሞቀች፣ ለቀባሪዎቹ ዳቦ ጋገረች። እንባ አላወጣችም። ሴቶቹ ይህንንም አወሩት።

መንገዱ ሲከፈት እኅቷ ከልቱማ ለለቅሶ መጣች። ከልቱማ ወፍራም፣ ፊቷ ቶሎ የሚቀላ ሴት ናት፤ ስድስት ልጆች አሏት። ከመኪና ስትወርድ ጀምራ እያለቀሰች ነው የመጣችው። እኔና ቱዳ ስጋጃውን ወንዝ ወስደን፣ በእግራችን ረግጠን፣ ድንጋይ ላይ አድርቀን ከመለስነው ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ከልቱማ ተደፍታበት አለቀሰች። ሻይ ከተጠጣ በኋላ፣ "ይሄን ለእኔ ስጪኝ" አለች።

"የቱን?"

"ስጋጃውን። አባቴ የሞተበት ነው። ሽታው ቢቀርልኝ።"

"ታጥቧል" አለች ቱዳ። "ሽታ የለውም።"

"ቢሆንም። አንቺ ስጋጃ እንደማትወጂ አገር ያውቀዋል። ምን ያደርግልሻል?"

"አልወድም።"

"ታዲያ ስጪኛ።"

"አልሰጥሽም" አለች ቱዳ። "እኔ ነኝ የመረጥኩት።"

ከልቱማ ሻርፕዋን ከዓይኗ ላይ አወረደች። "ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምትሆኚብኝ? ያመመው ጊዜ ሳልመጣ ቀርቼ ነው? ልጆቼን ለማን ልጣል?"

አባታቸው የተናገረውን የሰማነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አሁን ትነግራታለች ብዬ አሰብኩ። ቱዳ የእኅቷን እጅ ይዛ ጣቶቿን አየቻቸው። ወፋፍራም፣ ቀለበት የጠበባቸው ጣቶች ነበሩ። ከዚያ መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

"ምንም" አለቻት። "አንቺ ምንም አላደረግሽኝም።"

ከልቱማ በማግስቱ ተቀይማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተጠያየቁም።

ይህ ከሆነ ብዙ ክረምት አለፈ። እናቴ ሞታለች። የቱዳ ዳሌ እያደር ባሰባት፤ አሁን ከወለል ብቻዋን መነሣት አትችልም፤ ዶክተሮቹም የሚሠራ ነገር የለም ብለዋታል። ባሱ ወገቡን ስለሚያመው ጠዋት ጠዋት እኔ እሄዳለሁ። በብብቷ ሥር ገብቼ ከዚያው ስጋጃ ላይ ሳነሣት፣ "ቆይ፣ ቀኝ እግሬ አልተዘረጋም" ትለኛለች፤ እጠብቃለሁ። ባሱ እሳቱን እያነደደ ጀርባውን ይሰጠናል፤ ስትቃትት እንዲያያት አትወድም። ከቆመች በኋላ በሩን ይዛ ትንሽ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ዱላዋን አቀብላታለሁ።